የሥራ ዌብሜይል አልከፍት ሲል፦ ከፓስወርዱ በፊት ሰዓቱን ይዩ

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን በአንድ ድርጅት ግዢ ክፍል ነው የምሠራው። ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው፤ ኢሜይላችንንም የሚያስተዳድሩት እነሱ ናቸው። ባለፈው ሳምንት መብራት ሄዶ ከመጣ ጀምሮ ዌብሜይሌን ስከፍት ቀይ ምልክት ያለው ገጽ ይመጣል። ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ይላል። ጓደኛዬ እንዳሳየችኝ ‹አድቫንስድ› የሚለውን ተጭኜ አልፌ ገባሁ። ፓስወርድ ይጠይቀኛል፤ ትክክለኛውን አስገብቼ ስህተት ነው ይለኛል። ደጋግሜ ሞከርኩ። ስልኬ ላይ ይከፍት ነበር፤ ከትናንት ወዲህ እሱም እምቢ አለ። አንዱ ቴሌ ነው ይላል፤ ሌላው ቫይረስ ነው፣ ፎርማት አስደርጊው ይላል። አቅራቢዎች ፕሮፎርማ የሚልኩልኝ በዚህ አድራሻ ነው። ፎርማት ላስደርግ? እስከዚያው በግል ጂሜይሌ ብቀበልስ?»

ምላሽ፦

ፎርማት አያስደርጉ። ፕሮፎርማውንም ወደ ግል ጂሜይል አይውሰዱ። ሁለቱም ችግሩን አይፈቱም፤ ፎርማቱ ደግሞ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ምክንያቱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

እርስዎ እንደ አንድ ችግር የጻፉት ነገር ሦስት ነው። ቀዩ ገጽ ለብቻው ነው። የፓስወርዱ ለብቻው ነው። የስልኩም እንዲሁ። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ነው የመጣው። ቢሮ ውስጥ ሁሉንም ጠቅልለን «ሲስተም የለም» ስለምንል መነሻው ይሰወርብናል። ገጹ ላይ የሚጻፈው መልእክት ግን ነገሩ የት ላይ እንደተሰበረ በደንብ ይናገራል።

በቅድሚያ ቴሌን ከዚህ እናውጣው። ኢንተርኔት ባይኖር ኖሮ ፓስወርድ የሚጠይቅ ገጽ ድረስ አይደርሱም ነበር። ገጹ መጥቶ ጥያቄ ከጠየቀዎት መስመሩ አለ ማለት ነው። ቫይረስም የመጀመሪያው ጥርጣሬ መሆን የለበትም። መብራት ሄዶ ሲመጣ የጀመረ ችግር ነውና መብራቱ የነካውን ነገር ነው መፈለግ ያለብን። የቀዩ ገጽ ምልክት የሚጠቁመው ወደ ኮምፒውተሩ ሰዓት ነው።

የዌብሜይል ሰርቨር፣ ማለትም ኢሜይሉን የሚይዘው ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርተፍኬት የሚባል ነገር አለው። ልክ እንደ ቀበሌ መታወቂያ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ብሮውዘሩ (እንደ ክሮም ያለው የድረ ገጽ መክፈቻ) ገጹን ከመክፈቱ በፊት መታወቂያውን ያያል፤ ቀኑንም ከኮምፒውተሩ ሰዓት ጋር ያስተያያል። ኮምፒውተሩ ዛሬን እ.ኤ.አ. 2018 ነው ብሎ ካመነ ዘንድሮ የተሰጠ መታወቂያ ለእሱ ገና ያልተሰጠ ነው። ስለዚህ «ይሄንን አላምንም» ይላል። ቀዩ ገጽ እሱ ነው። ክሮም አንዳንዴ ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል ብሎ በግልጽ ይጽፋል። ብዙ ጊዜ ግን ሰው ቀዩን ሲያይ ከሥር ያለውን ጽሑፍ ሳያነብ ያልፋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ይህ ነገር በእኛ አገር የራሱ መልክ አለው። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ክብ ባትሪ አለችው። አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሯ ሲአር 2032 ነው። መብራት በሌለ ጊዜ ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ናት። ስትደክም መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ፋብሪካ ቀኑ ይመለሳል። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚሄድበት ቢሮ የባትሪዋ መድከም ወዲያው ይታወቃል። ከዚያ አንድ ደግ የሥራ ባልደረባ ይመጣና ሰዓቱን «ያስተካክላል»። የሚያስተካክለው ግን በእኛ ዘመን አቆጣጠር ነው። ዓመቱን ለምሳሌ 2018 ይለዋል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሆነም ሦስት ሰዓት ብሎ ይሞላል። ለእኛ ዓይን ልክ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ዓመቱ በ7 ወይም በ8፣ ሰዓቱ ደግሞ በ6 ወደ ኋላ ቀርቷል። ከመሐል ሜዳ እስከ ሸዋ ሮቢት ባሉ ቢሮዎች ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ማንም አጠፋ ለማለት አይደለም፤ የሚኖርበትን ቀን ነው የጻፈው።

ስለዚህ ወደ ማያ ገጹ ቀኝ ታችኛ ጥግ ይሂዱ። ሰዓቱ ላይ የማውዙን ቀኝ ተጭነው የቀንና ሰዓት ማስተካከያውን ይክፈቱ። ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያስገቡ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሆነ 9 ብለው ይሙሉ። የሰዓት ቀጠናው ዝርዝር ላይ አዲስ አበባን ቢፈልጉ ዊንዶውስ ላይ ላያገኙት ይችላሉ፤ ሲደመር 3 ናይሮቢ የሚለውን ይምረጡ፣ የእኛም ሰዓት እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ ከኢንተርኔት ራሱ እንዲስተካከል የሚያደርገውን ያብሩ። ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። ልዩነቱ ዓመታት ከሆነ ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ራሱን ማረም ስለማይችል መጀመሪያ በእጅ ማቅረብ ያስፈልጋል። ሲጨርሱ ብሮውዘሩን ዘግተው እንደገና ይክፈቱ።

ሰዓቱ ልክ ሆኖም ቀዩ ገጽ ካልጠፋ ሌላ የሚያውቁት ድረ ገጽ ይክፈቱ። ሁሉም ከቀላ ችግሩ አሁንም እርስዎ ኮምፒውተር ላይ ነው። የመሥሪያ ቤትዎ ኢሜይል ብቻ ከቀላ ግን የሰርቨሩ ሰርተፍኬት ጊዜው አልፎበት ሊሆን ይችላል። እሱን እርስዎ ማስተካከል አይችሉም። የአይቲ ክፍሉ ነው የሚያድሰው። ብዙ ድርጅት የሚጠቀምበት ነፃው ሰርተፍኬት ለ90 ቀን ብቻ የሚያገለግል ስለሆነ ራሱን እንዲያድስ የተሠራው መንገድ ከተቋረጠ በሦስት ወር ውስጥ ይጋለጣል።

«አድቫንስድ» ብሎ ማለፉን በተመለከተ ጓደኛዎ ለመርዳት ብላ ነው፤ ነገር ግን ከዚህ በኋላ አያድርጉት። ያ ገጽ «ማን ጋር እንደምታወሩ ማረጋገጥ አልቻልኩም» ነው የሚለው። ከዚያ ወዲያ የሚጽፉት ፓስወርድ የት እንደሚሄድ ዋስትና የለም። በእርስዎ ሁኔታ ጥፋቱ የሰዓት ይመስላልና አይደንግጡ። ነገር ግን ቀዩን አልፈው ፓስወርድ ስላስገቡ ነገሩ ሲስተካከል ፓስወርዱን ይቀይሩ። ሆቴል ወይም ካፌ ዋይፋይ ላይ ቀይ ገጽ ከመጣ ደግሞ ጭራሽ አይለፉ። በስልክ ዳታ ይጠቀሙ።

አሁን ወደ ፓስወርዱ። ኮምፒውተር ድንገት ጠፍቶ ሲነሳ ኪቦርዱ እርስዎ ትተውት በሄዱበት ሁኔታ ላይገኝ ይችላል። ፓስወርድ የሚጻፍበት ሳጥን ነጠብጣብ ብቻ ስለሚያሳይ ምን እየጻፉ እንደሆነ አያዩም። በስተቀኝ ባሉት ቁጥሮች የሚጽፉ ከሆነ ነም ሎክ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ቁጥሩ ጭራሽ አይጻፍም። ካፕስ ሎክ በርቶ ሊሆን ይችላል። የአማርኛ መጻፊያው በርቶም ሊሆን ይችላል፤ እንግሊዝኛ እየጻፉ መስሎዎት ፊደል እያስገቡ ነው ማለት ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ፓስወርዱን መጀመሪያ የተጠቃሚ ስም በሚለው ሳጥን ውስጥ ይጻፉትና በዓይንዎ ይዩት፤ ከዚያ ያጥፉት። ሰው አጠገብዎ አለመኖሩን ይመልከቱ። ሌላው የተጠቃሚ ስሙ ነው። አንዳንዱ ሰርቨር ሙሉውን የኢሜይል አድራሻ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ከ@ ምልክቱ በፊት ያለውን ስም ብቻ። ብሮውዘሩ ያስታውሰው የነበረውን እርስዎ በእጅ ሲጽፉት ልዩነቱ እዚህ ይመጣል።

የፓስወርድ ጊዜ ገደብ ያለው መሥሪያ ቤትም አለ። ጊዜው ሲያልፍ አንዳንዱ ዌብሜይል «ጊዜው አልፏል» ከማለት ይልቅ «ስህተት ነው» ብቻ ይላል። ይህንን የሚያውቀው አይቲ ነው።

ትልቁ ስህተት ግን ደጋግሞ መሞከሩ ነው። አብዛኛው የሥራ ኢሜይል ከተወሰነ የተሳሳተ ሙከራ በኋላ አካውንቱን ይቆልፋል። ከተቆለፈ በኋላ ትክክለኛውን ቢያስገቡም ብዙ ጊዜ መልሱ ያው «ስህተት ነው» ነው። ሰውየው አሁንም ይሞክራል፤ መቆለፊያው አሁንም ይታደሳል። ስልክዎም ትናንት እምቢ ያለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ስልኩ እስከዚያ ይሠራ የነበረው ቀድሞ ገብቶ ስለነበር ነው። አካውንቱ ሲቆለፍ እሱም በሩ ተዘጋበት። ልብ ይበሉ፤ ፓስወርዱ ሲቀየር ደግሞ ስልኩ ያስቀመጠውን አሮጌ ፓስወርድ እየደጋገመ ይልካል። አዲሱን እስኪያስገቡለት ድረስ አካውንቱን መልሶ መልሶ ሊያስቆልፍ ይችላል። አዲስ ፓስወርድ በተሰጠ ማግስት «እንደገና ተቆለፈብኝ» የሚል ሰው መጀመሪያ ስልኩን ይይ።

ከዚህ የባሰም አለ። አንድ ቢሮ ውስጥ ያላችሁ ሁላችሁ ብዙውን ጊዜ ወደ ኢንተርኔት የምትወጡት በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ (አይፒ) ነው። ሰርቨሩ እናንተን ለይቶ አያያችሁም። ከአንዱ ኮምፒውተር የተሳሳተ ፓስወርድ ሲበዛበት ጥቃት ነው ብሎ ያንን አድራሻ ሊዘጋ ይችላል። ያኔ ፓስወርዷን ያልነካች ባልደረባ ሳትቀር ገጹ አይከፈትላትም። ምልክቱ ይህ ነው፤ በቢሮ ዋይፋይ ለማንም አይከፍትም፣ በስልክ ዳታ ግን ይከፍታል። መፍትሔው ከአዲስ አበባ የቢሮውን አይፒ አድራሻ ማስለቀቅ ነው። ሠላሳ ጊዜ ሪስታርት ማድረግ አይረዳም።

የእርስዎ ጉዳይ ባይሆንም ሌሎች መልእክቶችን በአጭሩ ልንካ። ገጹ ላይ በ5 የሚጀምር ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር፣ ለምሳሌ 500 ወይም 503 ካዩ ጥፋቱ ሰርቨሩ ዘንድ ነው፤ እርስዎ ጋ የሚነካ ነገር የለም፣ ያሳውቁና ይጠብቁ። 404 ካለ አብዛኛውን ጊዜ አድራሻው ተሳስቷል። 440 ካለ ገጹ ብዙ ስለቆየ አስወጥቶዎታል፤ እንደገና መግባት ነው። ገብተው ወዲያው መልሶ ወደ መግቢያው የሚጥልዎት ከሆነ ብሮውዘሩ ያስቀመጠውን የድሮ መረጃ ያጥፉ ወይም በብሮውዘሩ የግል (ኢንኮግኒቶ) መስኮት ይሞክሩ። አድራሻውን ጭራሽ ማግኘት ካልቻለ፣ በስልክ ዳታም እንዲሁ ከሆነ፣ የድርጅቱ የዶሜይን (የኢንተርኔት ስሙ) ምዝገባ ሳይታደስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ከሆነ የሚቆመው የእርስዎ ብቻ ሳይሆን የሁሉም ኢሜይል ነው። ቢሮ እየሠራ ቤት የማይሠራ ከሆነ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ከውስጥ ኔትወርክ ብቻ እንዲከፈት አድርጎት ይሆናል። ያ ብልሽት አይደለም፤ ፈቃድ ይጠየቃል። ኮምፒውተሩ ገና ዊንዶውስ 7 ላይ ከሆነ ክሮም ከ109ኛው እትም በኋላ ለእሱ አይወጣም። አዳዲስ የዌብሜይል ገጾች ባዶ ሆነው ቢመጡበት አይገርምም።

በስልክ የሚመጣ የማረጋገጫ ኮድ የሚጠቀም ሰው ካለም የሚከተለውን ይያዝ። በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየረውን ኮድ የሚያወጣው አፕ የሚያሰላው ከስልኩ ሰዓት ነው። የስልኩን ሰዓት በእጅ ወደ እኛ አቆጣጠር የቀየረ ሰው ኮዱ ሁልጊዜ ስህተት ይሆንበታል። ስልኩ ሰዓቱን ከኔትወርክ ይውሰድ። የኢትዮጵያን ቀን ማየት ለሚፈልግ ለዚያ የተሠሩ የቀን መቁጠሪያ አፖች አሉ።

ወደ ፎርማቱ ልመለስ። ፎርማት የደከመ ባትሪ አይተካም። መብራት በሄደ ቁጥር ችግሩ ይመለሳል። ጉዳቱ ደግሞ ይሄ ነው። ኮምፒውተርዎ ላይ አውትሉክ የሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም ካለና የተዋቀረው ፖፕ በሚባለው መንገድ ከሆነ መልእክቶቹ ወደ ኮምፒውተሩ ወርደው ሰርቨሩ ላይ ተሰርዘው ሊሆን ይችላል። የዓመታት ደብዳቤ፣ ፕሮፎርማና የጨረታ ሰነድ ያለው እዚያች ዲስክ ላይ ብቻ ነው ማለት ነው። በፎርማት አንድ ላይ ይጠፋል። ዌብሜይልዎ ላይ የድሮ መልእክቶች አይታዩም ከነበረ ይህንን አጥብቀው ይጠርጥሩ። ለሌላ ጉዳይም ቢሆን ፎርማት ከመደረጉ በፊት የአውትሉኩ ፋይል ይቀዳ።

የግል ጂሜይሉን የምከለክለው ደግሞ ግዢ ክፍል ስለሆኑ ነው። የግዢ ሰነድ በኋላ የሚመረመር ነገር ነው። ኦዲተር ሲመጣ ወይም ተወዳዳሪ ቅሬታ ሲያቀርብ ፕሮፎርማው መቼና በየት በኩል እንደገባ ይጠየቃል። በግል አድራሻ የገባ ሰነድ እርስዎን ያለ ጥፋትዎ ጥርጣሬ ውስጥ ሊከትዎት ይችላል። ሌላም አደጋ አለ። አቅራቢው «ኢሜይሌ ተቀይሯል፣ በዚህ ላክ» የሚል መልእክትን ማመን ከለመደ ነገ አጭበርባሪ በእርስዎ ስም ቢጽፍለት አይጠራጠርም። ይልቅ አዲስ አበባን «የግዢ ክፍል» የሚል የጋራ አድራሻ ጠይቁ። ሁለት ወይም ሦስት ሠራተኛ በየራሱ ፓስወርድ የሚያየው ይሁን። የአንዱ ሲቆለፍ ሌላው ይቀበላል፤ ሰው ሲዛወርም ሰነዱ እዚያው ይቀራል። ይህ ቢሮውን በዘላቂነት የሚያሳርፍ ነው።

እስካሁን የተላኩት ፕሮፎርማዎች ጠፍተው ይሆን ብለው አይጨነቁ። የእርስዎ መግባት አለመቻል መልእክት መግባቱን አያስቆምም። አካውንቱ ቢቆለፍም በአብዛኛው ሳጥኑ ይቀበላል። ሰርቨሩ ራሱ ቆሞ ቢሆን እንኳ የላኪው ሰርቨር ብዙውን ጊዜ ለቀናት እየደጋገመ ይሞክራል። ሳጥኑ ሲሞላ ግን መልእክት ወደ ላኪው ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ሲገቡ ቦታዎን ይዩና የተሰረዙትን የያዘውን ማህደርም ባዶ ያድርጉ፤ እሱም ቦታ ይይዛል።

በነገራችን ላይ «ሳጥንዎ ሞልቷል፣ እዚህ ተጭነው ያድሱ» የሚል ኢሜይል ከመጣ አይጫኑ። እንደዚህ በተቸገሩበት ሳምንት ሲመጣ እውነት ይመስላል። በሚያስገባዎት ገጽ ላይ የቁልፍ ምልክት ቢያዩም አይመኑ፤ አጭበርባሪም ሰርተፍኬት ማውጣት ይችላል። ከላይ ባለው አድራሻ ላይ ከ https:// ቀጥሎ ከምትመጣው የመጀመሪያዋ ሰያፍ መስመር (/) ልክ በፊት ያለው ስም የድርጅትዎ መሆኑን ነው ማየት። ለዌብሜይሉ ትክክለኛውን አድራሻ ብሮውዘሩ ላይ ያስቀምጡና ሁልጊዜ በእሱ ብቻ ይግቡ።

እንግዲህ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የማደርገው ይህን ነው። ዛሬ ሰዓቱን አስተካክላለሁ። ፓስወርድ መሞከሩን ሙሉ በሙሉ አቆማለሁ። ስልኩ ላይ ያለውን የሥራ ኢሜይል ለጊዜው አጠፋለሁ፤ እንዳይሞክርብኝ። ከዚያ አዲስ አበባ ላለው አይቲ ክፍል እደውላለሁ። «ኢሜይል አልሠራም» አልልም። «አካውንቴ ተቆልፎ እንደሆነ እዩልኝ፤ የቢሯችን አይፒ አድራሻም ታግዶ እንደሆነ አጣሩልኝ» እላለሁ። የገጹን ፎቶ ከላይ ያለው አድራሻ እንዲታይ አድርጌ አንስቼ እልካለሁ። የሞከርኩበትን ሰዓት ስነግራቸው «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ በሰርቨሩ 9» ብዬ በሁለቱም እላለሁ። የሰርቨሩ መዝገብ የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ሦስት ሰዓት ብቻ ካልኩ በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሄደው ሲፈልጉ ይውላሉ። ፓስወርዴን ግን ለማንም አልነግርም፤ በስልክም በቴሌግራምም። አይቲ አካውንቱን ለማስከፈት የእርስዎን ፓስወርድ ማወቅ አያስፈልገውም፤ አዲስ ጊዜያዊ ሰጥቶ እርስዎ ትቀይሩታላችሁ።

ሲከፈትልዎ በኮምፒውተሩ ይግቡ፤ ፓስወርዱን ይቀይሩ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ስልኩ ላይ አዲሱን ያስገቡ። ባትሪዋን ደግሞ በዚህ ሳምንት ያስቀይሩ። ኮምፒውተሩ ከሶኬት ተነቅሎ ነው የሚቀየረው፤ ለሚያውቅ ሰው የደቂቃዎች ሥራ ነው። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) መግዛት ከቻላችሁ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ዩፒኤስ የደከመችውን ባትሪ ስለማይተካ ባትሪዋ ትቅደም። ከተቀየረች በኋላ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀኑ ሳይለወጥ ከቆየ የቀዩ ገጽ ነገር አብቅቷል። ሰዓቱ ልክ ሆኖ፣ አካውንቱ ተከፍቶ፣ አሁንም ካልገባ ግን ከዚያ በኋላ እርስዎ የሚነኩት የለም፤ ሰርቨሩን የሚያይ ሰው ነው የሚፈታው፣ ጉዳዩንም በጽሑፍ አቅርበው ቀን ያስይዙበት።